ከተያያዙ ቴብሎች ለሽያጭ ሪፖርት ሪኮርድ አመራረጥ

ዋና መጋዘኑ ደብረ ብርሃን የሆነ፣ ለመሐል ሜዳ፣ ለሞላሌ፣ ለደብረ ሲና፣ ለሸዋ ሮቢት፣ ለእነዋሪና ለዓለም ከተማ ነጋዴዎች በዱቤ የሚያከፋፍል የብርድ ልብስና የጨርቃ ጨርቅ ጅምላ ንግድ እንውሰድ። ሩብ ዓመት ባለቀ ቁጥር የሚፈለገው ሪፖርት አንድ ነው፦ ማን ስንት ገዛ፣ ስንት ከፈለ፣ ስንት ይቀርበታል፣ ጭራሽ ያልገዛስ ማን ነው? መልሱ በአንድ ቴብል (የመረጃ ሰንጠረዥ) ውስጥ አይገኝም። የደንበኛው ስምና ከተማ አንድ ቦታ፣ የደረሰኙ ቁጥርና ቀን ሌላ ቦታ፣ የተሸጠው ዕቃ በሦስተኛ፣ የተከፈለው ገንዘብ በአራተኛ ቴብል ተቀምጧል። አራቱን አያይዞ የሚፈለገውን ሪኮርድ (የቴብል መስመር) ብቻ ማውጣት ቀላል ይመስላል። የሚያስፈራው ስህተቱ ድምፅ የሌለው መሆኑ ነው፤ ፕሮግራሙ አይጮህም፣ ሪፖርቱ አምሮ ይወጣል፣ ድምሩ ግን ልክ አይደለም። በዚያ ድምር ደግሞ ሰው ዕዳ ይጠየቅበታል፣ ወይም ያለበት ዕዳ ተረስቶ ይቀራል።

እዚህ የተጻፈው ከኤስኪውኤል ሰርቨር ወይም ከአክሰስ ዳታቤዝ ላይ በክሪስታል ሪፖርትስ (ከዳታቤዝ ሪፖርት ማውጫ ፕሮግራም) ለሚሠራ ሰው ነው። የሜኑ ስሞቹ የክሪስታል ናቸው፤ አሠራሩ ግን በአክሰስ ሪፖርትም ያው ነው።

መጀመሪያ፦ አንድ መስመር ምንን ይወክላል?

ቴብሎቹን ከመክፈትዎ በፊት ወረቀት ላይ ይህን ይጻፉ። «ደንበኛ» በሚለው ቴብል አንድ መስመር አንድ ሰው ነው። «ደረሰኝ» ውስጥ አንድ መስመር አንድ ደረሰኝ ነው፤ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ የደንበኛው ኮድና ሁኔታው (የጸና ወይም የተሰረዘ) አለበት። «ዝርዝር» ውስጥ አንድ መስመር በደረሰኙ ላይ ያለ አንድ ዕቃ ነው። «ክፍያ» ውስጥ አንድ መስመር አንድ ጊዜ የተከፈለ ገንዘብ ነው። ቴብሎች ሲያያዙ የውጤቱ መስመር ትርጉሙን ይቀይራል። ደንበኛን ከደረሰኝ ጋር ካያያዙ በኋላ አንድ መስመር ሰው መሆኑ ቀርቶ ደረሰኝ ሆኗል። ዝርዝርን ሲጨምሩ ደግሞ ዕቃ ይሆናል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ችግር ሁሉ ማለት ይቻላል የሚመነጨው ይህን ካለማስተዋል ነው።

ቀጥሎ የማመሳከሪያ ቁጥር ይያዙ። ምንም ሳያያይዙ፣ «ደረሰኝ» ብቻውን ባለበት ባዶ ሪፖርት ላይ የሩብ ዓመቱን ደረሰኞች ይቁጠሩ። የክፍያውን ድምርም እንዲሁ ከ«ክፍያ» ቴብል ብቻ ያውጡ። እነዚህን ቁጥሮች ጽፈው ጎንዎ ያስቀምጡ። አንድ ሊንክ (የሁለት ቴብል ማያያዣ) በጨመሩ ቁጥር ፕሪቪው ገጹ ሥር የሚታየውን የሪኮርድ ብዛት ይመልከቱ፤ ሳይጠብቁት ከጨመረ ወይም ከቀነሰ እዚያው ያቁሙና ምክንያቱን ይፈልጉ። አራቱን ቴብል በአንድ ጊዜ አያይዞ ከዚያ ስህተት መፈለግ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ሊንኩን በእጅ ይሥሩ

ቴብሎቹን በዳታቤዝ ኤክስፐርት መስኮት ሲመርጡ ክሪስታል ተመሳሳይ ስም ያላቸውን ፊልዶች (የቴብል ዓምዶች) በራሱ ያያይዛል። ይህ እንደ ውለታ ቢታይም ብዙ ጊዜ ጉዳት ያመጣል። በደረሰኝም በክፍያም ውስጥ «ቀን» የሚባል ፊልድ ካለ ሁለቱን ያገናኛቸዋል፤ ያኔ የሚወጣው ሽያጩ በተካሄደበት ዕለት የተከፈለ ገንዘብ ብቻ ይሆናል፣ በዱቤ ወስዶ ከወር በኋላ የከፈለው ሰው ክፍያ ይጠፋል። በደንበኛም በዝርዝርም ውስጥ «ኮድ» የሚባል ፊልድ ካለ ደግሞ ደንበኛ ቁጥር 12ን ከዕቃ ቁጥር 12 ጋር ያጋባል። ስለዚህ ሊንክስ ገጽ ላይ እንደገቡ ክሊር ሊንክስን ይጫኑና ከዜሮ ይጀምሩ።

ሁሉም ሰው እንዲታይበት የሚፈልጉትን ቴብል በግራ ያስቀምጡ። እዚህ ላይ እሱ «ደንበኛ» ነው። ከደንበኛ ኮድ ወደ ደረሰኝ፣ ከደረሰኝ ቁጥር ወደ ዝርዝር መስመር ይጎትቱ። ከዚያ መስመሩን ሁለቴ ጠቅ አድርገው የጆይኑን (የአያያዙን) ዓይነት ይምረጡ። ኢነር ጆይን ሁለቱም ዘንድ ያለውን ብቻ ያወጣል። ሌፍት አውተር ጆይን በግራ ያለውን ሁሉ ይዞ፣ በቀኝ አቻ ያጣውን ባዶ ያደርገዋል። ያልገዛ ደንበኛ እንዲታይ ከተፈለገ ከደንበኛ ወደ ደረሰኝም፣ ከደረሰኝ ወደ ዝርዝርም ያለው ሊንክ ሌፍት አውተር መሆን አለበት። የመጀመሪያውን ብቻ ቀይሮ ሁለተኛውን ኢነር ላይ መተው ያልገዙትን መልሶ ያስወጣቸዋል።

አንድ ሰው የማይጠረጥረው ነገር አለ። ከአንድ ቴብል ምንም ፊልድ ካልተጠቀሙ ክሪስታል ያንን ቴብል ለዳታቤዙ ከሚልከው ጥያቄ (ኩዌሪ) ሊያወጣው ይችላል፤ ኢነር ጆይን ብለው ያሰሩት ማጣሪያም አይሠራም። ከቀናት በኋላ አንድ ፊልድ ሪፖርቱ ላይ ሲያክሉ ድምሩ በድንገት ይለወጣል። ይህን ለመከላከል በዚያው የሊንክ መስኮት ኢንፎርስ ጆይን ከሚለው ሥር ኢንፎርስድ ቦዝን ይምረጡ።

ዕዳው ዜሮ ሆኖ የሚወጣበት ሪፖርት

ደረሰኝ ቁጥር 0417ን በቅርብ እንየው። ሦስት ዕቃ አለበት፦ 40 ብርድ ልብስ በ900 ብር፣ 36,000፤ 20 ጋቢ በ1,200 ብር፣ 24,000፤ 100 ፎጣ በ150 ብር፣ 15,000። ጠቅላላው 75,000 ብር ነው። ደንበኛው በሁለት ጊዜ ከፍሏል፤ መጀመሪያ 30,000፣ ቀጥሎ 20,000። ስለዚህ 25,000 ብር ይቀርበታል።

አሁን «ዝርዝር»ንም «ክፍያ»ንም ከዚያው ደረሰኝ ጋር ያያይዙ። ዳታቤዙ የትኛው ክፍያ ለየትኛው ዕቃ እንደሆነ ስለማያውቅ እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር ያጣምራል፦

ብርድ ልብስ 36,000 — ክፍያ 30,000
ብርድ ልብስ 36,000 — ክፍያ 20,000
ጋቢ 24,000 — ክፍያ 30,000
ጋቢ 24,000 — ክፍያ 20,000
ፎጣ 15,000 — ክፍያ 30,000
ፎጣ 15,000 — ክፍያ 20,000

የሽያጩ ድምር 150,000 ይሆናል፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ዕቃ ሁለቴ ተቆጥሯል። የክፍያውም ድምር 150,000 ይሆናል፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ክፍያ ሦስቴ ተቆጥሯል። ቀሪው ዜሮ። ሃያ አምስት ሺህ ብር ያለበት ሰው ከዕዳ ነፃ ሆኖ ወጣ ማለት ነው፤ ያየው ሁሉ «ተከፍሎ አልቋል» ብሎ ያልፈዋል።

ብዙዎች እዚህ ላይ ሴሌክት ዲስቲንክት ሪኮርድስን ይሞክራሉ። አይፈታውም። ስድስቱ መስመሮች ሁሉም ስለሚለያዩ አንዳቸውም አይወገዱም። ይባስ ብሎ አንድ ደንበኛ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ እኩል ገንዘብ ከፍሎ ከሆነ፣ ሪፖርቱ ላይ የሚለያቸው ፊልድ ከሌለ እውነተኛውን ሁለተኛ ክፍያ ያጠፋዋል።

መፍትሔው ከማያያዝ በፊት መደመር ነው። ዳታቤዙ ውስጥ ሁለት ቪው (ተቀምጦ እንደ ቴብል የሚያገለግል ጥያቄ) ይሥሩ፤ በአክሰስ ከሆነ ሁለት ኩዌሪ ሴቭ ያድርጉ። የመጀመሪያው ከ«ዝርዝር» ላይ በደረሰኝ ቁጥር ግሩፕ አድርጎ ብዛት ሲባዛ ነጠላ ዋጋን ይደምራል። ሁለተኛው ከ«ክፍያ» ላይ በደረሰኝ ቁጥር ግሩፕ አድርጎ የተከፈለውን ይደምራል። በሁለቱም ቪው ውስጥ ለአንድ ደረሰኝ ያለው መስመር አንድ ብቻ ነው። እነዚህን ከ«ደረሰኝ» ጋር በሌፍት አውተር ሲያያይዙ 75,000 እና 50,000 በአንድ መስመር ጎን ለጎን ይመጣሉ። የክፍያው ቪው እስከ መቼ ያለውን ክፍያ እንደሚቆጥርም እዚያው ይወስኑ፤ የሩብ ዓመቱ መጨረሻ ላይ የነበረው ቀሪ ዕዳ ከተፈለገ ከዚያ ወዲህ የገባው ገንዘብ ቪው ውስጥ መደመር የለበትም።

የዕቃው ዝርዝር የግድ ሪፖርቱ ላይ መታየት ካለበት ሌላ መንገድ አለ። የክፍያ ድምሩን ቪው አያይዘው፣ ቁጥሩን በደረሰኙ ግሩፕ ፉተር (የግሩፑ መዝጊያ መስመር) ላይ ያስቀምጡት፤ ለደንበኛው ጠቅላላ ደግሞ ሰም (ተራ ድምር) ሳይሆን ራኒንግ ቶታል (መቼ እንደሚደምር የሚወስኑለት ድምር) ይጠቀሙ፤ ኢቫሉዌት የሚለውን የደረሰኝ ቁጥሩ ግሩፕ ሲለወጥ፣ ሪሴት የሚለውን የደንበኛው ግሩፕ ሲለወጥ ያድርጉት። ያኔ ክፍያው በአንድ ደረሰኝ አንዴ ብቻ ይቆጠራል።

በፒችትሪ የሂሳብ ፕሮግራም ዳታ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ሌላም ነገር ያስተውሉ። የጆርናል ዝርዝር ቴብሉ ውስጥ የሽያጩ፣ የተሰብሳቢ ሂሳቡና የታክሱ መስመሮች ዴቢትና ክሬዲት ሆነው አብረው ይቀመጣሉ። አማውንት የሚለውን ፊልድ እንዳለ መደመር ዜሮ ያመጣል፤ መጀመሪያ የሚፈለጉትን የሂሳብ መደቦች ወይም የዕቃ መስመሮች ብቻ መምረጥ ያስፈልጋል።

ያልገዙት ደንበኞች የት ሄዱ?

ሌፍት አውተር ጆይኑ በትክክል ተሠርቷል፤ ያልገዙት ደንበኞች ፕሪቪው ላይ ይታያሉ። ከዚያ ሴሌክት ኤክስፐርት (ማጣሪያ የሚሠራበት መስኮት) ውስጥ ገብተው የደረሰኙን ቀን ለሩብ ዓመቱ ሲገድቡት ይጠፋሉ። ያልገዛ ሰው የደረሰኝ ቀኑ ባዶ ነው፤ ባዶ ደግሞ ከየትኛውም ቀን አይበልጥም፣ አያንስምም። በቀኝ ባለው ቴብል ላይ የሚጣል ማጣሪያ ሌፍት አውተሩን ወደ ኢነር ይመልሰዋል።

የተለመደው ማስታገሻ ፎርሙላው ላይ «ቀኑ ባዶ ከሆነ ወይም በሩብ ዓመቱ ውስጥ ከሆነ» ብሎ መጻፍ ነው። ይህን ካደረጉ ኢዝነል የሚለውን (ባዶ መሆኑን የሚጠይቀውን) ፈተና ከፊት ያስቀድሙ፤ ክሪስታል ባዶ ፊልድ ካጋጠመው የፎርሙላውን ቀሪ ሳያይ ሪኮርዱን ይጥለዋል። ነገር ግን ይህም ግማሽ መፍትሔ ነው። ባለፈው ዓመት ገዝቶ በዚህ ሩብ ዓመት ያልገዛን የመሐል ሜዳ ነጋዴ ያስቡ። ቀኑ ባዶ አይደለም፣ ምክንያቱም የአምና ደረሰኝ አለው። በሩብ ዓመቱ ውስጥም አይደለም። ስለዚህ ከሁለቱም ወጥቶ ይጠፋል፤ ሥራ አስኪያጁ ሄዶ ሊያነጋግረው የሚፈልገው ደንበኛ ግን በትክክል እሱ ነበር።

ትክክለኛው ቦታ ከጆይኑ በፊት ነው። የሩብ ዓመቱን ደረሰኞች ብቻ የሚይዝ ቪው ይሥሩና ደንበኛን ከዚያ ጋር በሌፍት አውተር ያያይዙ። ወይም በአድ ኮማንድ ሙሉውን የኤስኪውኤል ጥያቄ ራስዎ ጽፈው የቀኑን ገደብ ዌር በሚለው የማጣሪያ ክፍል ውስጥ ሳይሆን ኦን ከሚለው በኋላ፣ ከማያያዣው ኮድ ጎን ያድርጉት። አድ ኮማንድን ከመረጡ ሁሉንም ቴብል በአንዱ ኮማንድ ውስጥ ይጨርሱ። ኮማንድን ከተራ ቴብል ጋር ማያያዝ ክሪስታል ሁሉንም ዳታ ወደ ራስዎ ኮምፒውተር ስቦ እዚያ እንዲያጣምር ያስገድደዋል፤ ከቅርንጫፍ በደካማ መስመር ከሆነ ሪፖርቱ አይከፈትም ማለት ይቻላል።

የተሰረዙ ደረሰኞችን ማውጣትም በዚሁ ወጥመድ ይወድቃል። «ሁኔታው ከ‹ተሰርዟል› የተለየ» የሚለው ማጣሪያ ሁኔታው ያልተሞላበትን ደረሰኝ ሁሉ አብሮ ይጥላል። ፊልዱ ባዶ እንዳይሆን ዳታቤዙ ላይ መነሻ ዋጋ ይስጡት፣ ወይም ባዶውን ለብቻው ይፍቀዱ።

ቀን

የሂሳብ ዓመቱ ሐምሌ 1 የሚጀምር ከሆነ የ2018 የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ከሐምሌ 1 ቀን 2017 እስከ መስከረም 30 ቀን 2018 ነው። በፈረንጅ ቀን ከጁላይ 8 እስከ ኦክቶበር 10 ቀን 2025። ጳጉሜን 5 ቀን ስለነበረች ሩብ ዓመቱ 95 ቀን አለው። ሪፖርትዎ በወር ቁጥር የሚመርጥ ከሆነና 11፣ 12 እና 1 ብቻ ካሉት የጳጉሜን ሽያጭ ሳይቆጠር ይቀራል፤ የእንቁጣጣሽ ሰሞን ገበያ መሆኑን አይርሱ። 13ን ይጨምሩ።

ቀሪዎቹ ሩብ ዓመታት በዚሁ ዓመት ኦክቶበር 11፣ ጃንዩዌሪ 9 እና ኤፕሪል 9 ላይ ይጀምራሉ። እነዚህን ግን ፎርሙላ ውስጥ አይቸነክሯቸው። 2019 ጳጉሜን 6 ያላት ዓመት ስለሆነች የ2020 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2027 ላይ ይውላል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሩብ ዓመት በአንድ ቀን ይገፋሉ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀን በፓራሜትር እንዲጠየቁ ያድርጉ፣ ወይም የሁለቱን ካላንደር ቀን ጎን ለጎን የያዘ አንድ የቀን ቴብል ሠርተው ከደረሰኙ ጋር ያያይዙ። የኋለኛው ይሻላል፤ አንዴ ከተሞላ ለዓመታት ያገለግላል።

የማለቂያው ቀን ላይ «እስከ ኦክቶበር 10» አይበሉ፣ «ከኦክቶበር 11 በታች» ይበሉ። ፊልዱ ሰዓትም የሚይዝ ከሆነ «እስከ ኦክቶበር 10» የሚለው ዳታቤዙ ዘንድ ኦክቶበር 10 በሚጀምርበት እኩለ ሌሊት ላይ ያበቃል፤ በዚያን ዕለት ቀን የተሸጠው ሁሉ ይቀራል። የወሩ መጨረሻ ቀን ደግሞ ደረሰኝ የሚበዛበት ነው።

የኢትዮጵያን ቀን በዴት ፊልድ ውስጥ ለማስገባት መሞከር አይሠራም። ጥቅምት 30 ሲባል ፕሮግራሙ ፌብሩዋሪ 30 ብሎ ስለሚረዳው አይቀበልም፤ ጳጉሜንንም 13ኛ ወር የለም ብሎ ይመልሰዋል። በጽሑፍ ፊልድ የሚያስቀምጡ ከሆነ ዓመቱን አስቀድመው፣ ወርና ቀኑን በሁለት አሃዝ ይጻፉ፦ 2018/01/05። ቀን አስቀድመው ከጻፉት «ከ» እና «እስከ» ሲሉ ማወዳደሩ በቀኑ አሃዝ ይጀምርና የሁሉም ወርና ዓመት ቀኖች ይደባለቃሉ።

ሳይገናኙ የሚቀሩ ኮዶችና ስሞች

ማያያዣው ፊልድ በሁለቱም ቴብል አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ በአንዱ ቁጥር፣ በሌላው ጽሑፍ ከሆነ ክሪስታል ሊንኩን አይቀበልም። ይህን ለመሸሽ የደረሰኝ ቁጥርን ወይም ቲንን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርን) ወደ ቁጥር ፊልድ መቀየር አይገባም። ቲን 10 አሃዝ ነው፤ ብዙው በ00 ስለሚጀምር ቁጥር ሲሆን የፊቱ ዜሮዎች ይረግፋሉ። ኤክሴል ላይ ተከፍቶ ሴቭ ተደርጎ የተመለሰ ፋይል ይህ ችግር ይበዛበታል። ሁለቱንም ወደ ጽሑፍ ያምጧቸው፣ ርዝመታቸውን ይፈትሹ።

በስም ወይም በከተማ ማያያዝ ፈጽሞ አይሞከር። መሐል ሜዳ፣ መሃል ሜዳ፣ መሀል ሜዳ፤ ዓለም ከተማ፣ አለም ከተማ፤ ሸዋ ሮቢት፣ ሸዋሮቢት፤ ደብረ ብርሃን፣ ደ/ብርሃን። ለሰው አንድ ናቸው፣ ለዳታቤዝ ግን ሌላ ሌላ ከተሞች ናቸው። የከተማ ቴብል ሠርተው ኮድ ይስጧቸው፤ ጸሐፊው ከዝርዝር እንዲመርጥ እንጂ እንዲጽፍ አይተዉት። በድሮ የፓወር ግዕዝ ዓይነት ፎንት የተጻፈ የቆየ ዳታ ካለ ስክሪን ላይ ግዕዝ መስሎ ቢታይም ውስጡ የእንግሊዝኛ ኮድ ነው፤ ወደ ዩኒኮድ ካልተቀየረ ከአዲሱ ጋር በጭራሽ አይገናኝም።

ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ የአማርኛ ቃል ለማጣሪያ ሲጽፉ ከጥቅሱ በፊት ትልቁን ኤን ፊደል ያስቀድሙ፤ ካልሆነ ቃሉ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። የፊልዱንም ኮሌሽን (ፊደላት የሚወዳደሩበትን ደንብ) ይመልከቱ። የድሮዎቹ ኮሌሽኖች የግዕዝ ፊደላትን ሳይለዩ እኩል ሊቆጥሯቸው ይችላሉ፤ ደብረ ሲናን ሲፈልጉ ሁሉም ከተማ ከመጣልዎ ምክንያቱ ይህ ነው። ባይናሪ ኮሌሽን ፊደል በፊደል ስለሚያወዳድር ይፈታዋል።

የተደበቀ ሪኮርድም ይደመራል

«ከ20,000 ብር በላይ ዕዳ ያለበትን ብቻ አሳየኝ» የሚለው ጥያቄ በሪኮርድ ምርጫ አይመለስም፤ ድምሩ የሚታወቀው ሪኮርዶቹ ከመጡ በኋላ ነው። ለዚህ ሴሌክት ኤክስፐርት ውስጥ ያለው የግሩፕ ምርጫ ያገለግላል። ግን ማስታወስ ያለብዎ፣ በግሩፕ ምርጫ የወጡት ደንበኞች ገጹ ላይ ባይታዩም ጠቅላላ ድምሩ ውስጥ አሉ። በሰፕረስ የተደበቀ መስመርም እንዲሁ። ገጹ ላይ የሚታዩትን በካልኩሌተር ደምሮ ከታችኛው ጋር ያልገጠመለት ሰው ሪፖርቱን ደግሞ አያምነውም። ጠቅላላውን በራኒንግ ቶታል ይተኩት (በሰፕረስ ለተደበቀው ግን የመደበቂያውን ሁኔታ ኢቫሉዌት ላይም መጻፍ አለብዎት)፣ ወይም ምርጫውን ቀድሞ ዳታቤዙ ውስጥ፣ የድምር ቪው ላይ ድምርን በሚያጣራው ሃቪንግ ይጨርሱት።

ሪፖርቱ ሲዘገይ ዳታቤዝ ከሚለው ሜኑ ሾው ኤስኪውኤል ኩዌሪን ይክፈቱ። ቀኑን የገደቡት በሴሌክት ኤክስፐርት ሆኖ ገደቡ ዌር ውስጥ ከሌለ ማጣሪያው የሚካሄደው ሰርቨሩ ላይ ሳይሆን እርስዎ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ የዓመታቱ ሽያጭ በሙሉ በመስመር እየመጣ ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው ምርጫው ውስጥ የገባ ፎርሙላ ፊልድ ነው። ቀኑን በፎርሙላ ወደ ወር ቀይሮ ከማወዳደር ይልቅ ፊልዱን እንዳለ ትተው ከሁለት ቀኖች ጋር ያወዳድሩት።

ፋይሉን ለቅርንጫፍ ከመላክዎ በፊት ፋይል ሜኑ ውስጥ ሴቭ ዳታ ዊዝ ሪፖርት የሚለው ምልክት እንደተነሳ ያረጋግጡ። ምልክቱ ካለ ሸዋ ሮቢት ላይ የሚከፍተው ሰው የሚያየው እርስዎ ሴቭ ባደረጉበት ሰዓት የነበረውን ዳታ ነው፤ ኤፍ 5ን ተጭኖ እስኪያድስ ድረስ ዛሬ የተከፈለው ክፍያ አይታየውም።